የማይጠጣው ጠጅ ጣይ

መናኸሪያ አካባቢ ያለው የእናቴ ጠጅ ቤት ከሴት አያቴ የወረደ ነው። እኔ ደግሞ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ አልኮል በአፌ አይዞርም። እናቴን ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ሙያውን የሚረከብ ጠፋና እኔ ላይ ወደቀ። እሁድ በኳየር እዘምራለሁ፤ ሰኞ ጠጅ እጥላለሁ። ከሁለቱም ወገን የሚያምነኝ የለም።

እናቴ ቁርጡን ነግራኛለች፦ «ስሜን ካበላሸኸው ቤቱን እዘጋዋለሁ።» ቤቱ ከተዘጋ ጠዋት ከአልጋዋ የምትነሳበት ምክንያት ያልቃል። የፈራሁት እሱን ነበር።

ስለዚህ ብልህ ነኝ ብዬ ሳልቀምስ ጣዕሙን የማውቅበት ዘዴ ፈጠርኩ። የመጀመሪያውን ብርሌ ጡረታ ለወጡ አንድ መምህር ሰጥቼ ፊታቸውን አያለሁ። ከተኮማተረ ማር እጨምራለሁ። ሰውዬው ቅምሻው በነፃ መሆኑን ሲረዱ ፊታቸው በየቀኑ ይኮማተር ጀመር። «ገና ነው ልጄ፣ ትንሽ ማር ይቀረዋል» ይሉኛል፣ ብርሌውን መልሰው እየዘረጉ። እኔም እጨምራለሁ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ሰሞን፣ ከበዓሉ ሜዳ ከጉዱማሌ የመጡ ወጣቶች «ሲጣፍጥ!» ሲሉኝ ደረቴን ነፋሁ። የቆዩት ደንበኞች እየጠፉ መሆናቸውን ግን በደጃችን ባለው የመንገድ ቁፋሮ አሳበብኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ በከዘራ እየተደገፈች መጣችና ብርሌ ተቀበለችኝ። አንዴ ተጎንጭታ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት። ዘይቱኑ ሥር ተፍታው አፏን ስትጉመጠመጥ ደረስኩ።

«ይሄ ብርዝ ነው። ለልጆች ልደት ሽጠው።»

«እማዬ፣ የሚተፋ ነው እንዴ?»

«ጥሩውንም እተፋዋለሁ። አያትህም አባትህም በዚህ ጠጅ ነው ያለቁት። እኔና እናቴ ስንቀምስ እየተፋን ነው የኖርነው።»

አንድ ቤት አብረን ኖረን ይህን አለማየቴ ቆጨኝ። አባቴን የገደለውን ነገር በእጇ ስትሠራ፣ እኛንም በእሱ ስታሳድግ፣ አንድ ጉንጭ እንኳ አልዋጠችም። እኔ ደግሞ ባለመጠጣቴ በቤቱ የመጀመሪያው ጻድቅ መስዬ ስንጎራደድ ከርሜያለሁ።

«በል ቅመስና ትፋ» አለችኝ። «ጠጣ ያለህ የለም።»

አፌ ውስጥ አገላበጥኩት። ከዚያ ተፋሁት፤ ግማሹ ሱሪዬ ላይ አረፈ።

«ምን ጎደለው?»

«ጌሾ» አልኩ፣ እየፈራሁ።

«በል ድፋውና አዲስ ጣል። ስትተፋ ደግሞ ጎንበስ በል።»