ጥልፍ በጀርባው ይተኮሳል

ኒዕማ ዓረብኛ በሚነገርበት የስደት አገር፣ ባሕሪ ከተማ ተወልዳ ባሕሪ ያደገች የወሎ ልጅ ናት። ገና ድክ ድክ ስትል ኩፍኝ ዓይኗን ወሰደው። እናቷ ሙሚና አርካዊት በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት እያደረች፣ ልብስ እያጠበች እየተኮሰች አስተማረቻት። ልጅቱም የአገሩ ጦርነት ከመነሣቱ በፊት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቋንቋ ጥናት ያዘች። ጎረቤት ሳይቀር፣ «አፍ የፈታ ሁሉ ለሚያውቀው ነገር ደግሞ ዩኒቨርሲቲ!» እያለ ያሾፍ ነበር።

መከራው የመጣው የድምፅ ትምህርት ሲጀመር ነው። መምህሩ የዓለም ቋንቋዎች ድምፅ የሚጻፍባቸውን ምልክቶች ሰሌዳው ላይ ይደረድራል፤ አንዱ የተገለበጠ፣ አንዱ ጭራ ያወጣ። የሚያይ ይገለብጣል። ኒዕማ በብሬል የምታውቀው የዓረብኛና የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። ብትለምነው፣ «ምልክቶቹን በብሬል ካላመጣሽ ፈተና አትቀመጪም፤ ካልተፈተንሽ ደግሞ ከትምህርቱ ትወጫለሽ» አላት። ከድንጋይ የተፈጠረ ሰው ነበር።

ደግነቱ ዛሂራ የምትባል የክፍሏ ልጅ የምልክቶቹን ብሬል ከስልኳ ላይ አገኘችላት። ዛሂራ የነጥቦቹን ቁጥር ስትጠራላት፣ ኒዕማ ወፍራሙን ወረቀት ከጀርባው በመውጊያ ትወጋለች፤ ሲገለበጥ ነጥቡ በፊቱ አብጦ በጣት ይነበባል። ጣቷ እስኪቆስል ወጋች። ሥራው እንዳለቀ የዛሂራ ቤተሰብ ጠቅልሎ ካይሮ ገባ። ኒዕማ እጅ የቀረችው ያቺው አንዲት ቅጂ ናት።

የፈተናው ዋዜማ ዓርብ ነበር። ንጋት ላይ የጣለው ዝናብ በጣሪያው ገብቶ ወረቀቶቹን አራሰባት። በጣቷ ብትዳብሳቸው ነጥቦቹ አሉ። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ቤት ውስጥ ገመድ ላይ አስጥታቸው፣ ጎረቤት ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

ስትመለስ እናቷ ለዕረፍቷ መጥታለች። ቤቱ ከሰል ከሰል ይሸታል። ገመዱን ዳበሰችው፤ ባዶ ነው።

«ዩማ፣ ወረቀቶቼስ?» አለች እናቷን።

«ተጨማደው አገኘኋቸው፣ የኔ ዓለም። መብራት ባይኖር በከሰል ካውያ ተኩሼ አደረቅኋቸው። አትስጊ፣ ነጥቡ እንዳይጎዳ ብዬ በጀርባው ነው የተኮስኩት፣ እንደ ጥልፍ። ወላሂ አንዱም አላረረም!»

አዎ፣ ጥልፍ በጀርባው ሲተኮስ አበባው አይጨፈለቅም። ሙሚና የእመቤቶቿን ቀሚስ ሁሉ እንዲያ ነው የምትተኩሰው፤ ተሳስታም አታውቅ። ወረቀት ግን ጨርቅ አይደለም።

ኒዕማ ጣቷን አሳለፈች። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ዳበሰች። እዚህም እዚያም የቀረ ነጥብ ቢኖር እንጂ፣ ሁሉም እንደ አንሶላ ተዘርግቷል። ዛሂራ የለች፣ ቀን የለ። ዓይኗ የጠፋ ጊዜ ሕፃን ነበረች፣ አታስታውሰውም፤ ጨለማ ማለት ምን እንደሆነ ያወቀችው ያን ዕለት ነው። ልትጮህ አፏን ከፈተች።

«አማረልሽ?» አለች ሙሚና፣ በጉጉት።

«አዎ ዩማ። አምሯል።»

«እንግዲያው ያላ፣ ነገ ሰው ፊት የምትቀርቢበትን ቀሚስ አምጪው፤ ካውያው ሳይበርድ።»

ኒዕማ ለማትቀመጥበት ፈተና ቀሚሷን አምጥታ አቀበለቻት።