ላንጋኖች የተቋረጡ ሰሞን

ዶሎረስ ሁዳክ ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣው ላይ ያየችውን ሦስት ጊዜ ደጋግማ አነበበችው። አጥፋ ወንበር ላይ ጣለችው፤ ሳህኑን አጠበች፤ ተመልሳ ገለጠችው። ያው ነው። «የላንጋን ቤት» የተባለው የእሑድ ማታ ተከታታይ ድራማ ተመልካች አንሶት ተቋርጧል፤ ከመጪው እሑድ ጀምሮ በቦታው የሽልማት ውድድር ይቀርባል። ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቷ ሲገባ ሲወጣ የኖረን ቤተሰብ በአራት መስመር አባረሩት።

«እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው» አለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታልና የሚሰማት አልነበረም።

ዶሎረስ የስልሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ፒትስበርግ ውስጥ፣ ኮረብታው ላይ፣ አባቷ በብረት ፋብሪካ ደመወዝ በገዛው ቤት ትኖራለች። እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ ባሏንም ከዚያው ሸኘች። በትምህርት ቤት ምግብ ቤት ለልጆች ምሳ ማደል ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ቴሌቪዥን እንኳ የምታየው ቆማ፣ የሳህን መጥረጊያ ጨርቅ በእጇ ይዛ ነው።

ላንጋኖች በፈረንጆቹ የስልሳዎቹ ዓመታት ሰዎች ናቸው። አባትየው አውቶቡስ ነጂ፣ እናትየው የቤት እመቤት፣ ልጆቹ አምስት፣ መታጠቢያ ቤቱ አንድ። ነገር ሁሉ የሚጀመረው እዚያ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ነው። ሶፋው የለበሰው፣ ሲቀመጡበት የሚንኮሻኮሸው ላስቲክ እንኳ አልቀረም። አባትየው በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ልጆቹን እወዳችኋለሁ ብሎ አያውቅም፤ ልጁ ፈተና በወደቀ ማግስት ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የልጁን ጫማ ጠረገለት። ዶሎረስን ስቅስቅ አድርጎ ያስለቀሳት ይኸ ነው። በሌላው ድራማ ሰው ሁሉ የሆዱን ይዘረግፋል፤ በዚህኛው ግን ፍቅሩንም ቂሙንም ውጦ ድንቹን ይልጣል። «ቁርጥ እኛን» ትላለች።

እኛ የምትለው እሷንና እህቷን በርናዴትን ነው። በርናዴት በአራት ዓመት ትበልጣታለች፤ የምትኖረው ክሊቭላንድ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቢነዱ የሚደረስበት አገር ነው እንግዲህ፤ ሁለቱ ግን ከአባታቸው ቀብርና ከገና ካርድ በቀር ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ካርዱ ላይ አንድ መስመር ተጨመረበት፦ «እሑድ ማታ የሚመጣውን ታያለሽ? ወጥ ቤታቸው የእማማን ነው የሚመስለው።» ዶሎረስ ስልክ አነሣች። ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። በመጀመሪያው ማስታወቂያ በርናዴት ትደውላለች፤ በሁለተኛው ዶሎረስ። የሚወራው ስለ ላንጋኖች ብቻ ነው። ድራማው ሲመለስ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይባባሉ ስልኩ ጆሮ ላይ ይዘጋል። በዚያች በሁለት በሁለት ደቂቃ ሁለት አሮጊቶች እህትማማች ሆኑ።

ያራራቃቸው ነገር እንዲህ ነው። በርናዴት በአሥራ ስምንት ዓመቷ ገዳም ገብታ መነኮሰች፤ አባታቸው ያን ዕለት ሰፈሩን ሁሉ ቢራ አጠጣ። በፈረንጆቹ ስልሳ ስድስት፣ በጥቅምት ወር፣ በርናዴት ቆቧን ጣለች። የሰው ካፖርት ተውሳ፣ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥላ መጥታ የአባቷን ቤት የበር ደወል ደወለች። የከፈተላት የለም። በማግስቱ እናታቸው በስልክ «አክስትሽ ቤት ሄደን ነበር፤ ሰው አልነበረም። አባትሽም ሁለተኛ አትምጪ ብሎሻል» አለቻት። ሰው አልነበረም የሚለውን ዶሎረስም ደገመችው።

ነበሩ እንጂ። አባትየው «በሩን የከፈተ አብሯት ይውጣ» ብሎ ወጥ ቤት ቁጭ ብሏል፤ እናትየው መቁጠሪያዋን ይዛ ታለቅሳለች፤ የሃያ ሁለት ዓመቷ ዶሎረስ ደግሞ ደረጃው ላይ፣ ከበሩ ስድስት እርምጃ ርቃ ቆማለች። በበሩ መስታወት አልፎ የእህቷ ጥላ ይታያታል። አልከፈተችም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ይኸን ስትውጥ ኖረች። አንድ እሑድ በርናዴት አምልጧት ሕጉን ጣሰችና «አንቺ እኮ ያን ቀን ቤት ብትሆኚ ትከፍችልኝ ነበር» ስትላት ዶሎረስ «እንዴ» ብቻ አለች።

ባለፈው እሑድ ነው እንግዲህ ጉዱ። የላንጋኖች ትልቋ ልጅ፣ መነኩሲቷ ፔግ፣ ቆቧን ጥላ መጣች። በረንዳው ላይ ቆመች፤ ጣቷን ወደ ደወሉ ሰደደች፤ አለቀ። «በሚቀጥለው እናያለን፣ ይከፍቱላት እንደሆነ» ብላ በርናዴት ዘጋች። ዶሎረስ ያን ሌሊት አልተኛችም፤ ግን ቆረጠች። ይክፈቱላት አይክፈቱላት፣ እኔ በዚያ ላይ ተንጠላጥዬ እነግራታለሁ አለች። በራሷ አንደበት ለመጀመር ወኔው አልነበራትም፤ ላንጋኖች እንዲጀምሩላት ነበር የፈለገችው። እነሱን ነው ሐሙስ ጠዋት የነጠቋት።

ቴሌቪዥን ጣቢያው ጋ ደወለች። ከአርባ ደቂቃ የመጠበቂያ ሙዚቃ በኋላ አንድ ጎረምሳ አነሣ።

«አስተያየትዎን እናስተላልፋለን፣ እናቴ። ዕድሜዎን ብጠይቅዎት?»

«ስልሳ አንድ።»

«እ... ማስታወቂያ የሚያስነግሩት ድርጅቶች የሚፈልጉት እስከ አርባ ዘጠኝ ያለውን ነው።»

«እና እኔ ሦስት ዓመት አላየሁም ማለት ነው?»

«አይተዋል፣ እናቴ። አልተቆጠሩም እንጂ።»

ዶሎረስ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ዓርብ ማታ የፊርማ ወረቀት ይዛ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረደች፤ የዐቢይ ጾም ዓርብ፣ ሥጋ የማይበላበት ቀን ስለሆነ ምእመኑ ሁሉ የተጠበሰ ዓሣና ፒሮጊ የሚሉትን ድንች የተሞላ ሊጥ ለመብላት ተሰልፏል። ጎመኑን የምታድለው ጎረቤቷ ስቴላ ናት።

«ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?» አለች ስቴላ።

«ፈርሚ።»

«ልወቀዋ መጀመሪያ። ባለፈው የመንገድ መብራት ነው ብለሽ አስፈርመሽኝ እስከ ዛሬ በዳበሳ ነው የምገባው።»

«ላንጋኖችን ሊያጠፏቸው ነው።»

«የትኞቹን? መድኃኒት ቤት ያላቸውን?»

«የቴሌቪዥኖቹን።»

ስቴላ ጭልፋውን አስቀመጠች። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ጡረታሽን የቆረጡብሽ መስሎኝ። ድራማ እኮ ነው። ሌላ ያመጣሉ።»

«ሌላ አልፈልግም፤ የጀመሩትን ይጨርሱልኝ። ልጅቷ በር ላይ ቆማለች እኮ ስቴላ፣ በዚህ ብርድ።»

«ተከፍሏት ነው የቆመችው፤ ይኸኔ ቤቷ ገብታ እግሯን ዘርግታለች።» ስቴላ ግን ፊቷን አየት አደረገችና ፈረመች። ዶሎረስ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትል አመሸች። አርባ አንድ ሰው ፈረመላት፤ ሽማግሌው ቫልኮ የምግብ ትእዛዝ መስሏቸው «ሁለት ዓሣ፣ ጎመን ይቅር» ብለው ጽፈዋል። እሳቸውንም ቆጠረቻቸው። ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ስትከት ግን እውነቱ ገባት፤ መልሱ ቢመጣ እንኳ ለዚህ እሑድ አይደርስም።

እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። ጥርሱ የነጣ ሰውዬ ሰዎችን ሳጥን ያስመርጣል። ዶሎረስ ከመስኮቱ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ ስልኩ ትመላለሳለች። የመጀመሪያው ማስታወቂያ መጣ። ስልኩ ዝም። ተበላሽቶ ይሆን ብላ አነሣችው፤ ድምፅ አለው፤ አሁን ብትደውልስ ብላ ቶሎ መለሰችው። ማስታወቂያው አለቀ። ሰውዬው ሳጥን አስከፈተ፤ ሰዉ አጨበጨበ። አስቀያሚ ፕሮግራም ነው፤ ይኸን የምነግራችሁ እኔም አይቼዋለሁ።

በሁለተኛው ማስታወቂያ ተራው የእሷ ነው። ቁጥሩን መታችው።

«እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች በርናዴት።

«ለምን አልደወልሽም?»

«ምን ብዬ ልደውል? ሰውዬው ሳጥን ከፈተ ብዬ?»

«ፊርማ አሰባስቤያለሁ። አርባ አንድ።»

በርናዴት ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ተይው ዶሊ። አለቀ። እኔ እንደሆን ፔግን ይከፍቱላት ነበር ባይ ነኝ። ድራማ ጸሐፊ ሰው በር ላይ አስቀርቶ አያድርም፤ እናትየዋ በሊጥ እጇ ሮጣ ትከፍትላት ነበር። ሰው ያልነበረው እኛ ቤት ነው። አራት ጊዜ ደውዬ ወደ አውቶቡሴ። በይ፣ ማስታወቂያው ሊያልቅ ነው። ደህና ሁኚ እንግዲህ። ለገና ካርድ እልክልሻለሁ።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ደህና ሁኚ ተባብለው አያውቁም። ዶሎረስ አሁን ይህ ስልክ ከተዘጋ እስከ ሞት ድረስ የገና ካርድ ብቻ እንደሆነ ታወቃት።

«አምስት ጊዜ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«የደወልሽው። አራት ደወልሽና ሻንጣሽን አነሣሽ፤ ሁለት ደረጃ ወርደሽ ተመለስሽ። ከዚያ አምስተኛውን ደወልሽ።»

ከወዲያ በኩል የሰውዬው ድምፅና ጭብጨባው ይሰማል።

«የት ሆነሽ ነው ያየሽው?» አለች በርናዴት።

«ደረጃው ላይ።»

«አባባስ?»

«ወጥ ቤት። እማማም።»

«እና አንቺ... ከደረጃው እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው።»

«ስድስት እርምጃ። አባባ እኮ በርኒ፣ የከፈተ አብሮ...»

«ዝም በይ።»

ዶሎረስ ጆሮዋ ላይ ጠቅ የሚለውን የመዝጊያ ድምፅ እየጠበቀች ግድግዳውን ተደገፈች። በርናዴት አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማታል። ድምፅዋ ሲመለስ የተናደደ ነው፤ ግን እዚያው ስልኩ ላይ ነው።

«አሁን ልጮህብሽ ነው» አለች በርናዴት። «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ቶሎ አያልቅም። እስክጨርስ እንዳትዘጊው።»

«አልዘጋም።»

በርናዴትም ከዚያ ከጥቅምቱ ቀን ጠዋት ጀመረች።