ያልቦካው ጭቃ

ልጅ ሆኜ ከነጓደኞቼ የጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ የሚነሳው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ቀይ አፈር፣ ውሃና የጤፍ ጭድ ተቀላቅሎ ሲሰነብት ኮምጠጥ ያለ፣ ከብት ያደረበትን በረት የሚመስል ሽታ ያመጣል። ቡሬ ገጠር ላደግን ሰዎች ይህ የአዲስ ቤት ሽታ ነው።

ያን ዓመት አሮጌው ቤታችን ምስጥ በልቶት ጎብጦ ነበር። እናቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መውለጃዋ ክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። አባቴ ከዝናቡ በፊት አዲስ ቤት ለማድረስ ተነሳ። ጎረቤቱ በደቦ መጥቶ ቋሚውን አቆመ፣ ማገሩን አሰረ፣ ጣራውን በሣር ከደነ። እኛ ልጆች ጭቃ እንድንረግጥ ታዘዝን። እየዘፈንን፣ እየተገፋፋን፣ አንዳንዴም እየወደቅን ረገጥን።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሰማዩ ጠቆረ። አባቴ ተጨነቀና "ዛሬውኑ ይመረግ" አለ። እናቴ ከጭቃው ቆንጥራ በጣቶቿ አሸችው።

"ጭዱ ገና አልላመም፤ አልቦካም። ትንሽ ይታገሱ" አለችው።

አጎቴ ሳቀባት። "ኧረ እታለም፣ እንጀራ ልትጋግሪበት ነው እንዴ?"

"ከአራስ ልጅ ጋር የምተኛበት እኔ ነኝ" አለች።

ደቦው በሳቅ ፈነዳ። አባቴ ግን ደመናውን እንጂ እሷን አልሰማም። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ በዚያው ቀን ተመረገ። ደመናው ሳይዘንብ አለፈ፤ ግድግዳው ግን ሲደርቅ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጠቀ፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ጣቴን ያስገባ ነበር። ዝናቡ የሚመጣውም በዚያ በኩል ነው። አባቴ ስንጥቁን ጎንበስ ብሎ አየው። እናቴም አልወቀሰችውም።

"ጭቃ አይደል? አፍርሰን እንመልሰዋለን" አለች ብቻ።

ፈልፍለን ወደ ጉድጓዱ መለስነው። ጭድና ውሃ ጨመርንበት፣ እንደገና ረገጥነው፣ በደንብ እስኪቦካ ጠበቅን። አንድ እፍኝ አፈር አልተጣለም። ሁለተኛው ምርጊት ግድግዳው ላይ ጥብቅ ብሎ ያዘ። ደርቆ ብዙም ሳይቆይ ክረምቱ ገባ። ወንድሜ የተወለደው ውጭ በረዶ እየወረደ ነው፤ ውስጡ ግን ደረቅና ሞቃት ነበር። አባቴ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰና "ለካ እመቤቴ ማርያም በአንቺ አፍ ነው የነገረችኝ" አላት።

ዛሬ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። እኔና ባለቤቴ ቤት ስንሠራ ብዙ ሰው ብሎኬት መክሮን ነበር። እኛ መሠረቱን በድንጋይ አነሳን፣ ግድግዳውን በጭቃ ሠራን፣ ዝናብ እንዳይመታው ክፈፉን አሰፋን፣ ነፋስ እንዲያልፍ መስኮቶቹን ፊት ለፊት አደረግን። በግቢው የነበረችውን ዋንዛም አልቆረጥናትም። የጣራው ውሃ በአሸንዳ ወርዶ ታንከር ይሞላል፤ ጎመኔን የማጠጣው በእሱ ነው። መጋቢት ላይ ከተማው ሲግል ቤታችን ይቀዘቅዛል፤ ክረምት ሲበርድ ይሞቃል።

እንደ ድሮው በደቦ አልተሠራም፤ ሠራተኛ ቀጠርን። ያ ሳቅና ያ ዘፈን ይናፍቀኛል። ጭቃው ግን ጊዜውን ጠብቆ ቦክቷል፤ ማንም አላጣደፈውም።

ባለፈው ክረምት ልጄ ልትታረስ ወደ እኔ መጣች። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋት ስገባ፣ ሕፃኗን ታቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ስለ ቤቱ አንድም ቀን አልሰጋሁም። ተመስገን ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ ገርበብ አደረግሁት።