ብቻውን የቀረ ፌንጣ

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አመሻሽ ላይ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለች ድንጋያቸው ተቀምጠው ፌንጣ ያዳምጡ ነበር። ወሬ ከያዝን እጃቸውን አንስተው ዝም ያሰኙናል።

በጦርነቱ ማግስት ከሳውዲ ስመለስ ሰው ጠላሁ፤ በሬን ዘግቼ መዋል ጀመርኩ። እናቴ ጨንቋት ሽማግሌ ልካ ልትድረኝ ስትነሳ አያቴ አልፈቀዱም።

«ብቻውን የቀረ ፌንጣ ሴቷን መጥራት ይረሳል። የባልንጀሮቹን ድምፅ ሲሰማ ነው የሚነሳ። ይልቅ ልጁን ደቦ ስደጂው» አሏት።

ጦርነቱ ቤቱን ያፈረሰበት ጎረቤታችን ማሽላ ሲያሳጭድ ሄድኩ። መጀመሪያ አንገቴን ደፍቼ አጨድኩ። ኋላ አጫጆቹ ሲያዜሙ ሳላስበው ተቀበልኩ። ዜማው ሲጠፋኝ ውሃ የምታድል ኮረዳ ሳቀችብኝ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ! ዛሬ ባለቤቴ ናት።

አሁን ድንጋያቸው ባዶ ነው። ትናንት ከባለቤቴ ጋር ሄደን ልቀመጥበት ብል አልሆነልኝም፤ አጠገቡ ቆምኩ። አንድ ፌንጣ ጀመረና አቋረጠ። ሳላውቀው እጄን አነሳሁ።

«ምነው?» አለች ባለቤቴ።

«ቆይ» አልኳት፤ «አሁን ሌሎቹ ይመልሱለታል።»