አያ ደሴ የፈሰከበት ቀን

የአያ ደሴን ሞት የሰማሁት ጋምቤላ፣ ሥጋ ቤት ተሰልፌ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ነበርና ሰዉ ብዙ፣ ሙቀቱም ከባድ ነበር። ከሉማሜ ጤፍ ጭኖ የሚመጣ አንድ ሹፌር አለ፤ የአገሬ ልጅ ስለሆነ በመጣ ቁጥር ሰላም ሳይለኝ አይመለስም። የዚያን ቀን ከሰልፉ ነጥሎ ወደ ጥላ ወሰደኝና አጎቴ በጥር ማረፉን ነገረኝ። ጠበል ፍለጋ ወጥቶ አማኑኤል ከተማ ላይ መንገድ ተዘጋበት፤ ባስጠጉት ሰዎች ቤት ታሞ እዚያው ተቀበረ። ስልክ ስለማይሠራ ዘመድ አልደረሰለትም። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፣ ልጅም አልወለደም። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ቄስ ጠርተው በወጉ ቀብረውታል። ነገር ግን የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ስላልተገኘ ፍትሐቱ «ይህ ባሪያህ» ተብሎ ብቻ ተደረገለት።

እኔም አላውቀውም። ለጸሎት ላስይዝለት ወደ ሰበካችን ካህን ብሄድ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ። እናቴ ታውቀው ነበር፤ እሷ ካረፈች ቆየች። አያ ደሴ የክርስትና ስማቸውን ከሚደብቁት ሰዎች አንዱ ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው፤ በስሜ መተት ይሠራብኛል ብሎ ይፈራል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ስሙን በሰው ፊት አውጥቶ የተናገረው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያም ፋሲካ ነበር።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከሉማሜ ወጣ ብሎ ከዋናው መንገድ ማዶ ነበር። አባቴ ከጥምቀት በኋላ ስለሞተ፣ ያለ እሱ የመጀመሪያው በዓላችን ነው። በጉ ግን ነበረ፤ አባቴ ራሱ ለፋሲካ ብሎ አስሮ ያደልበው የነበረ ሙክት። እናቴ አይታረድም ብላ ነበር። ጎረቤታችን እቴ የሺ «እሱ ያደለበውን ደግሞ ለማን ልትተዪው ነው? ለነፍሱ ይበላለት» ብላ ገፋፋቻት።

አሁን የቸገረው አራጅ ነው። በአገራችን ሴት አታርድም፤ እናቴና እኔ ደግሞ ሴቶች ነን። ወንድ የሌለበት ቤት በበዓል ጠዋት ደጅ ደጁን ሲያይ ይውላል፤ የጎረቤት ወንድ ሁሉ በየራሱ በግ ላይ ነው። ከእኛ ግቢ የነበረው ወንድ ተከራያችን አስተማሪው ነው፤ እሱም ከተማ ያደገ ልጅ ሆኖ ደም ሲያይ ያዞረዋል። እምቢ ማለት አፍሮ ቢላዋውን በሦስት ጣቱ እንደ እስክሪብቶ ያዘው። እቴ የሺም «ኧረ ልጄ፣ በጉን ልታርመው ነው?» አለችው። እናቴ እንኳ ከጥቁር ነጠላዋ ስር ፈገግ አለች።

አያ ደሴ በአጥሩ በኩል ብቅ ያለው በዚህ መካከል ነው። 

የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በግ ነጋዴ ስለነበር ዕድሜውን ከሮብ ገበያ በግ ሲነዳ የኖረ፣ ጎድን በፍም መጥበስ ከእሱ ወዲያ የሚያውቅ የለም የሚባልለት ሰው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በገና ቀን፣ አባቴ ጠላው ሞቅ አድርጎት በእቴ የሺ፣ በአስተማሪውና በእንግዳ ፊት «ደሴ ቤታችንን የሚያገኘው በሥጋ ሽታ ነው» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ደሴ ግን የያዘውን ጉርሻ ወደ ትሪው መልሶ፣ የዚህን ቤት ሥጋ ዳግም ብቀምስ የእናቴን ሥጋ በላሁ ብሎ ማለና ወጣ። ከዚያ ወዲያ ለአጨዳም፣ ለታመመም ይመጣል፤ በበዓል ግን ዝር አይልም። አባቴ ይቅርታ ሳይጠይቀው፣ እሱም ሳይተውለት፣ ሞት መካከላቸው ገባ።

የዚያን ቀን ሰላምታ አላበዛም። እንኳን አደረሳችሁ ካለ በኋላ «ቢላዋውሳ?» አለ። አስተማሪው በደስታ አቀበለው።

በስመ አብ ብሎ አረደ፣ ገፈፈ፣ በየብልቱ ለየ። ጎድኑን ሳይቆራርጥ ጨውና የጥብስ ቅጠል አሽቶበት በእርጥብ የወይራ እንጨት ሰካው። ነበልባሉ አልቆ ፍሙ እስኪቀላ ድረስ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ፤ እኔም አጠገቡ ሆኜ ቅቤውን አቀብለው ነበር። የበልግ ደመና ከቾቄ ተራራ በኩል ወርዶ ብርዱ ይቆነጥጣል። ሁዳዴን ሙሉ ከሥጋ ርቀን ከርመናልና ስቡ ፍሙ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ምራቄን እውጣለሁ። እሱ ግን የቅዳም ሹር ቄጤማውን ራሱ ላይ እንዳሰረ፣ ድንጋይ የሚጠብስ ይመስል ዝም ብሎ ያገላብጣል።

የደረሰውን ግማሽ ጎድን ይዘን ገብተን ማዕዱ ቀረበ። እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ ወደ እሱ ዘረጋች።

«ተይኝ እታለም።»

«ዛሬ እኮ ፋሲካ ነው ወንድም ዓለም።»

«ሽሮ ካለሽ በሽሮ እበላለሁ» አለ።

በፋሲካ፣ ሽሮ። እናቴ አለቀሰች፤ ባሏን ስትቀብር እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም።

የንስሐ አባታችን ማዕድ ለመባረክ በየቤቱ ሲዞሩ የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። እናቴ እያነባች ነገሩን ነገረቻቸው። መስቀላቸውን እንደያዙ በትንሣኤ ቀን ጾም እንደሌለ፣ እንዲህ ያለው መሐላም በንስሐ እንደሚፈታ ነገሩት።

«የማልኩበት ሰው ሞቷል አባቴ። ማን ይቅር ይለኛል?»

«ቤቱ አለ፤ ልጁና ሚስቱ ይኸው ቆመዋል። ተንበርከክ።»

ተንበረከከ። የክርስትና ስሙን ሲጠይቁት አመነታ። ነገሩ ስለገባቸው ሰዉ ወደ ደጅ እንዲወጣላቸው አዘዙ። እቴ የሺና አስተማሪው ሲነሡ አያ ደሴ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«ይቀመጡ። ስምል የሰሙ፣ ስፈታም ይስሙ።»

እኔ ግን ስሙን አልሰማሁም። እናቴ ፍሙ ላይ የቀረው ጎድን እንዳያር ብላ ላከችኝ፤ ታላቅ ያዘዘው አይታለፍምና ወጣሁ። ከደጅ ሆኜ የሰማሁት «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚለውን ብቻ ነው።

ጎድኑን ይዤ ስገባ አያ ደሴ ገና ከጉልበቱ አልተነሣም። እናቴ ከጫፉ ቆርጣ አጎረሰችው። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ካላመጠ በኋላ «ጨው አንሶታል» አለ።

«ሳትቀምስ ጠብሰህ ደግሞ ማንን ልትወቅስ ነው?» አለችው እቴ የሺ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሱም ሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ ዓይኑ አባቴ ይቀመጥበት ወደነበረው መደብ ሄደ። «እሱ እያለ ቢሆን» አለ። እናቴም ሁለተኛ ጉርሻ ጠቀለለችለት።

ዘንድሮም ፈስከናል። በትንሣኤ ማዘን አይገባምና ለልጆቼ ጠበስኩ፤ ለእኔ ግን አልወረደልኝም። ካህናችን «ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው አጽናንተውኛል። እንደሚያውቅስ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ያን ያህል ፈርቶ የደበቀውን ስም፣ ከእኛ ጋር አንድ ማዕድ ለመቁረስ ሲል አውጥቶ የሰጠን ሰው ነው። እኛ ደግሞ በሞቱ ቀን ልንመልስለት አልቻልንም። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እናቴና የንስሐ አባታችን አርፈዋል። እቴ የሺ ልጆቿን ተከትላ ደብረ ማርቆስ ገብታለች ሲባል ሰምቻለሁ፤ አስተማሪያችን ወዴት እንደተዛወረ አላውቅም። በሕይወት ካላችሁና ይህ ከደረሳችሁ፣ ያን ቀን የሰማችሁትን ስም እባካችሁ አስታውሱልኝ። ወደ እኔ የሚያደርስ መንገድ ብታጡም ግድ የለም። ከምትሳለሙት ቤተ ክርስቲያን ግቡና ለካህኑ ንገሩልኝ። እኔ ባላውቀውም፣ እሱ በስሙ ይጠራ።