የክላይድ ስቱፕስ የአንድ ጎማ ሽንፈት

ክላይድ ስቱፕስ በመኪና እሽቅድድም በኖረባቸው አምስት ዓመታት ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ተወዳድሮ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ሁለተኛ ወጥቷል። መንዳት አቅቶት አልነበረም። የተቀጠረው ለዚሁ ነው።

ቀጣሪው ኮሎኔል ፕራት ይባላል፤ ማዕረጉን የሰጠው ራሱ ነው እንጂ ጦር ሜዳ ቀርቶ ሰልፍ ላይ ቆሞ አያውቅም። ሁለት መኪናና ሁለት ነጂ በባቡር ጭኖ ኢንዲያና የተባለችውን የአሜሪካ ግዛት ሲያካልል ይከርማል፤ ገበሬው አሳማውንና ዱባውን ለሽልማት በሚያቀርብበት የአውራጃ ትርዒት ሁሉ እየደረሰ መኪና ያሽቀዳድማል። ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሬድ ማሎይ የተባለው ነጂ በየደረሰበት "የአውራጃችሁ ጀግና ልጅ" ተብሎ ይቀርባል። ክላይድ ደግሞ በሙጫ የሚለጠፍ ጺም አድርጎ ባሮን ደ ግራንቪል የተባለ ፈረንሳዊ ይሆናል። ከፈረንሳይኛ አንድ ቃል ስለማያውቅ አፉን እንዳይከፍት በጥብቅ ተነግሮታል። ባሮኑ ዘጠኝ ዙር ይመራና በአሥረኛው፣ መጨረሻው መስመር ላይ፣ በአንድ ጎማ ይሸነፋል። ሕዝቡ ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ኮሎኔሉም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ባቡሩ።

በአንድ ጎማ መሸነፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሁለት መኪና ርዝመት ከሆነ ሰው ያዛጋል፤ በአፍንጫ ከሆነ ዳኞች ይጣላሉ። ደግሞ በዚያ አቧራ ውስጥ ነጂ ወደ ኋላ ማየት አይችልም። ለዚህ ነው ከጎኑ መካኒክ የሚቀመጠው። የክላይድ መካኒክ ኦቶ የሚባል ወፍራም ሰው ነበር። በአንድ እጁ የፓምፕ እጀታ ይዞ ለሞተሩ ዘይት እየገፋ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ በሌላው እጁ የክላይድን ጉልበት ይመታል። ሦስት ጊዜ ከመታ ማሎይ በሦስት መኪና ርዝመት ወደ ኋላ ርቋል፤ አንድ ጊዜ ከመታ ደርሷል ማለት ነው። ያኔ የክላይድ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀስ ብሎ ይነሳል። ከአምስት ዓመት በኋላ እግሩ ባለቤቱን ማስፈቀድም ትቷል።

እ.ኤ.አ. በ1912 በቆሎ በሚሰበሰብበት ወር ኮሎኔሉ ከብራውን ክሪክ አውራጃ ጋር ውል ፈረመ። ብራውን ክሪክ ክላይድ የተወለደበት ነው። አባቱ፣ ሽማግሌው ኤዝራ ስቱፕስ፣ በዚያ ትርዒት የፈረስ ውድድር ዳኛ ሆነው ሃያ ዓመት ተቀምጠዋል። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ የሚጎትቱ የሶምሶማ ፈረሶች ያረባሉ፤ ፈረስ የማይወድ ሰው ሲያዩ የታመመ እንዳዩ ያዝናሉ። ልጃቸው ከቤት ሲወጣ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ "የሚነዳ ሰው የሚነዳው ለመቅደም ነው። ስትቀድም በዓይኔ እስካላየሁ ድረስ ሥራ ያዘ ብዬ ለማንም አልናገርልህም።"

ክላይድ በየወሩ ይጽፍላቸው ነበር። ስለ አየሩ፣ ስለ ሆቴሉ አልጋ፣ ስለ ኦቶ ማንኮራፋት። ውጤቱን አንድም ቀን አልጻፈም።

ኮሎኔሉን ለመነው። አንድ ቀን ብቻ፣ እዚህ ብቻ፣ የአውራጃው ልጅ እኔ ልሁን፤ ደግሞም ነኝ አለው። ኮሎኔሉ ማስታወቂያው አንዴ ታትሟል ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። "ይልቅ ጺምህን ጠበቅ አድርገህ ለጥፍ። የሚያውቅህ ሰው አይጠፋም።"

ትርዒቱ ላይ አንዲት ኬክ ሻጭ ማሎይን አስቁማ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀችው። የማሎይ ነኝ አላት። እዚህ አገር የኖረው ማሎይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ፈረስ ሰርቆ ተባረረ አለችው። ማሎይ ትንሽ አሰበና የሱ ነኝ አለ።

ሽማግሌው ኤዝራ ደረታቸው ላይ የዳኝነት ሰማያዊ ጥብጣብ አስረው የዳኞች ማማ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው እንደሚመጣ ጽፎላቸው ስለነበር ሲፈልጉት ቆዩ፤ ያገኙት አንድ የፈረስ ሌባ ልጅና አንድ ፈረንሳዊ ነው። ውድድሩ ተጀመረ፤ ባሮኑ መራ፤ ኦቶ ጉልበት መታ፤ ባሮኑ በአንድ ጎማ ተሸነፈ። ባርኔጣው ሁሉ ሰማይ ላይ እያለ የዳኛው ደወል ጮኸ።

ኤዝራ ቆመው ነበር። "የፈረንሳዊው መኪና ልጓም ይዟል" አሉ።

ኮሎኔሉ እየሮጠ መጥቶ መኪና ልጓም እንደሌለው አስረዳቸው።

"ልጓሙ እግሩ ነው" አሉ ኤዝራ። "ለሽንፈት የተያዘ ፈረስ ሃያ ዓመት አይቻለሁ። ውድድሩ አልጸደቀም። ይደገማል። ዳግመኛ ልጓም ከያዘ ሰው አውርጄ ሰው እቀይራለሁ።"

ደንቡ የፈረስ ነው፤ ግን ለመኪና ሌላ ደንብ የጻፈ አልነበረም። ኮሎኔሉ ሊከራከር ፈልጎ ሕዝቡ ተቆጥቶ አጥሩን መግፋት መጀመሩን ሲያይ ምላሱን ዋጠ። ደስ ያለው ማሎይ ብቻ ነው። ሁለት መቶ ጊዜ ስላሸነፈ የእውነትም የሚያሸንፍ ይመስለው ነበር።

ተደገመ። ክላይድ በዚህኛው ማሸነፍ ፈልጎ ነበር፤ በእውነት ፈልጎ ነበር። ዘጠኝ ዙር እንደ ነፋስ በረረ። መጨረሻው መስመር ላይ ግን ኦቶ፣ ከልማዱ፣ ጉልበቱን አንድ ጊዜ መታው። እግሩም ተነሳ። በአንድ ጎማ፣ ልክክ ያለ።

ኤዝራ ደወሉን ለቀው ከማማው ወረዱና መኪናው አጠገብ ቆሙ። ክላይድ መነጽሩን አወለቀ። ጺሙ በዘይት ርሶ አንዱ ወገን ተንጠልጥሏል፤ እሱንም ነቀለው።

"ስንት ዓመት ነው?" አሉ ኤዝራ።

"አምስት፣ አባባ።"

ሽማግሌው ጎማውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ልጃቸውን ማየት ግን አቃታቸው። ክላይድ በሕይወቱ እንደዚያን ጊዜ አፍሮ አያውቅም። ቢገርፉት በተሻለው ነበር።

"እግሬ ነው፣ አባባ" አለ። "እኔ አይደለሁም።"

በዚህ መሀል ኦቶ ከመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወረደ። "እኔ የተቀጠርኩት ለማስመሰል ነው" አለ። "የምር ከሆነ ሚስት አለችኝ።"

ኤዝራ ባዶውን መቀመጫ አዩት። ደንቡ አንድ ሰው ይውረድ፣ ሌላ ሰው ይውጣ ነው የሚለው አሉ፤ ማን ይውረድ አይልም። ልጁ የሚወዳደር ሰው ደግሞ ዳኛ አይሆንም። ሃያ ዓመት ያሰሩትን ጥብጣብ ፈትተው ለጎረቤታቸው ሰጡና፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ መኪናው ላይ ወጡ።

"የቱ ነው የሚገፋው?"

ክላይድ የዘይቱን እጀታ አሳያቸው።

ሦስተኛው ውድድር ተጀመረ። ሽማግሌው ዘይቱን ውኃ እንደሚቀዳ ሰው ይገፉታል፤ ግማሹ ለሞተሩ፣ ግማሹ ለፊታቸው። ስድስተኛው ዙር ላይ ባርኔጣቸው በረረ። ወደ ኋላ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልዞሩም። ፈረስ ሲነዱም ዞረው አያውቁም። የመጨረሻው መስመር መጣ። የክላይድ እግር ምቱን ጠበቀ። ማሎይ በሦስት መኪና ይራቅ በአንድ፣ ይድረስ አይድረስ፣ የሚነግረው የለም። የት እንዳለ በማያውቁት ሰው ደግሞ በአንድ ጎማ መሸነፍ አይቻልም። እግሩ እንደጠበቀ መስመሩ አለፈ። ማሎይ ገና መታጠፊያው ላይ አቧራ ይተፋ ነበር።

መኪናው ሲቆም ኮሎኔሉ ፊቱ በርበሬ መስሎ ደረሰና ክላይድን እዚያው አባረረው። መኪናውን አስረክብ፣ ጺሙንም መልስ አለው።

ክላይድ ወደ አባቱ ዞረ። ከዓይናቸው ነጭ በቀር ያልጠቆረ ነገር የላቸውም፤ የዘይቱን እጀታ ግን አልለቀቁም። ኮሎኔሉ ያለውን ከጆሯቸው ጩኸት የተነሳ አልሰሙም።

"ሰኞ የት ነው የምንነዳው?" አሉ።

ክላይድ እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋውና፣ የበረረውን ባርኔጣቸውን ሊፈልግላቸው ወረደ።