ብሎን የለያያቸው መንታዎች

የዚያ ዓመት ክረምት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ዝናቡ የወርክሾፑን ቆርቆሮ ሲደበድበው እየተጯጯህን ነበር የምናወራው፤ የጫማዬ ሶል ደርቆ አያውቅም። አብራኝ የምትሠራው ወጣት መሐንዲስ ግን ብርዱም ጩኸቱም አይሰማትም። ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ የሰርኪዩት ቦርድ መስመር ትስላለች፤ እኔ ከጎኗ ጥቃቅኑን ዕቃ እበይዳለሁ።

«የመንታዎቹ እናት» ነበር የምንላት፣ ባል እንኳ ሳታገባ! ቦርዱ ላይ አንዱን የኤሌክትሪክ ምልክት ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ይዘውት ይሮጣሉ፤ እሷም «መንታዎቼ» ትላቸዋለች። «እናትየዋስ ታወቀች፤ አባትየው ማነው?» እያልን እናበሽቃት ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ሳቋ ጠፋ። ቦርዱ ከካሜራ ወደ ስክሪን ምስል የሚያሻግር ነበር፤ ምስሉ እየተቆራረጠ አስቸገረ። ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ሁለት ጊዜ ወደቀ። አለቃችን «ሦስተኛው ከወደቀ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አላት። የራሴ ብላ የያዘችው የመጀመሪያ ሥራዋ ነው እንግዲህ።

አንድ ቀን የወደቀውን ቦርድ በማጉያ መነጽር እያየሁ፣ «አንቺ፣ እነዚህ ልጆችሽ በምን ተጣልተው ነው እዚህ ጋ የተለያዩት?» አልኳት።

«የብሎን ቀዳዳ አለ እኮ እትዬ። በአንድ በኩል ለሁለቱም ቦታ ስለሌለ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ አለፉ። ርዝመታቸውን ግን እኩል አድርጌ...» ብላ ሳትጨርስ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

ኢምፒዳንስ የሚሉት ነገር ነው አለችኝ። በመሃላቸው ያለው ክፍተት ድንገት ሲሰፋ ምልክቱ መንገዱ ይለወጥበታል፤ ከፊሉ ግድግዳ እንደመታ ኳስ ወደ መጣበት ይነጥራል። ለርዝመቱ ስትጨነቅ ክፍተቱን ዘንግታው ኖሯል።

ቀዳዳው መዛወር ነበረበት፤ ቦርዱ በብሎን የሚታሰርበት አርባ የብረት ሳጥን ደግሞ በቀድሞው ልክ ተበስቶ ተደርድሯል። ሰበብ መፈለግ ትችል ነበር። አልፈለገችም። አለቃው ዘንድ ገብታ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳጥኖቹንም እኔው እበሳቸዋለሁ» አለች።

«በእጅሽ?»

«ታዲያ በእግሬ ልብሳቸው ጋሼ?»

ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ሦስት ቀን ሙሉ እኔ እየያዝኩላት እሷ በድሪል በሳች። ሦስተኛው ቦርድ ሲመጣ መንታዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይነጣጠሉ ወርደዋል። ምስሉ ኩልል ብሎ ጠራ። ከአለቃችን አፍ የወጣው «በሉ ሳጥኑን ዝጉት» ብቻ ነበር። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

በኋላ ዓይኔ ደከመና ሥራውን ተውኩ፤ እየተራራቅንም ሄድን። ስለ እሷ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት አምና ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ቦርድ ትስል ነበር።